የእንግሊዙ ገንቦ

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ነው። «ስንት የሚያሳስብ ነገር ባለበት ዘመን የአበባ ማስቀመጫ ምን ቁም ነገር ሆኖ ይጻፍበታል?» የሚል ወንድም ወይም እኅት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ይህ ዕቃ አያቴንና እናቴን በአንድ ጣሪያ ሥር ለሠላሳ ሰባት ዓመት ሆድና ጀርባ አድርጎ ያኖረ ዕቃ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ስጨርስ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገርም አለኝ።

ያደግሁት ኒሯቅ ነው። ኒሯቅ በዋግ ኽምራ፣ በአበርገሌ ወረዳ፣ ከሰቆጣ ደጋ ቁልቁል ወደ ተከዜ ሲወረድ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ፀሐዩ ይበረታል፤ መሬቱ ድንጋይ ይበዛዋል፤ ሰዉ ግን ታታሪ ነው፣ ፍየሉን እያረባ፣ ቀፎውን እየሰቀለ ይኖራል። አባቴ ገና ሳልጠና በመሞቱ ያሳደጉኝ እናቴና እኛ «እማማ» የምንላት አያቴ ናቸው። እማማ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙናና ሻይ ቅጠል የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ሱቋ ያው ቤታችን ነው፤ ቤታችንም ያው ሱቋ ነው።

በዚያ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ፣ በድንጋዩ ግድግዳ በተበጀች ትንሽ መደርደሪያ ላይ ያ ዕቃ ተቀምጦ ነበር። ቁመቱ አንድ ክንድ አይሞላም። ሆዱ ሞላ፣ አንገቱ ጠበብ ብሎ፣ ከንፈሩ ዙሪያውን ወርቅ ተቀብቷል። መደቡ ነጭ አይባል፣ ቢጫ አይባል፤ የዝሆን ጥርስ መስሎ ወደ ሮዝ ያደላል። በሆዱ ላይ የፈኩ ጽጌረዳዎች፣ ከሥራቸው ስማቸውን የማላውቃቸው ትንንሽ ሰማያዊ አበቦች ተሥለውበታል። የኒሯቅ በጋ ሁሉን ነገር አመድ በሚያስመስልበት ወር እንኳ እነዚያ አበቦች አይጠወልጉም ነበር። እኛ ልጆቹ «የእንግሊዙ ገንቦ» እንለው ነበር።

አበባ ገብቶበት አያውቅም። ውሃም አልነካውም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሁለቱ ዒዶች ዋዜማ፣ እማማ ራሷ «ቢስሚላህ» ብላ ታወርደውና በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ትመልሰዋለች። ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈቅድም። እናቴ ደግሞ በተቃራኒው ጨርሶ አታየውም። ቡና ስታፈላ እንኳ ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። «ያ ሸክላ» ነበር የምትለው። ልጅ ሆኜ ይህን ነገር አስተውለው ነበር፤ ምክንያቱን ግን ጠይቄ አላውቅም። በቤት ውስጥ የሚያም ነገር የት እንዳለ ልጆች ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ አውቀውም ይዘሉታል።

እንግዳ ሲመጣና ስለ ዕቃው ሲጠይቅ እማማ አንድ ታሪክ ትናገር ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ፣ ከሕንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች ጭምር ይዞ፣ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰንዓፈ፣ በአንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ፣ የወንድ አያቴ አያት በቅሎ አከራይቶለት ነበር አሉ። ጦሩ ዐፄ ቴዎድሮስን ድል ነሥቶ ሲመለስ ጓዙን እያቀለለ ስለሄደ፣ አንድ መኮንን ይህን ገንቦ ለሰውየው ሰጠው። ታሪኩ ይህ ነው። እኔም በትምህርት ቤት ስለ መቅደላ ስንማር እጄን አውጥቼ «እኛ ቤት ከዚያ የተረፈ ዕቃ አለ» እያልኩ እኮራ ነበር።

እናቴ ለምን ጀርባዋን እንደምትሰጠው ያወቅሁት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። የነገረችኝም ተናዳ ሳለ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚኖረው ሰቆጣ ነው። ወንድ አያቴ ከዓመት በፊት ሞቷል። እማማ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረችውን እናቴንና ሁለት ዓመት ተኩል የሆነውን ወንድሟን ይዛ ቀርታለች። አስቀድሞ ፍየሎቹ ተሸጡ፤ ከዚያ የብር ጌጧ፤ ከዚያ የመዳብ ዕቃዎቹ፤ በመጨረሻም የቤቱ በር ሳይቀር ተነቅሎ ተሸጠ። የቀረው ገንቦው ብቻ ነበር። አንድ ነጋዴ አይቶት ግማሽ ዳውላ ማሽላ ልስጥሽ አላት። እማማ እምቢ አለች። በዚያች ሌሊት የቤቱን ወለል ቆፍራ፣ ገንቦውን በጭድና በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላ ቀበረችው። በማግስቱ ልጇን አዝላ፣ እናቴን አስከትላ ከሕዝቡ ጋር ወደ ኮረም ተነሣች።

ኮረም በዚያ ዓመት ምን እንደነበረ ለአንባብያን መንገር አያስፈልገኝም። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። ሜዳው ከፍታ ያለው በመሆኑ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። በሽታው ከረኃቡ ጋር ተማክሮ የመጣ ይመስል ነበር። አጎቴ በደረሱ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። እናቴ በእጇ አፈር መልሳበታለች። «ግማሽ ዳውላ ማሽላ ቢኖረን ኖሮ ከቤታችን አንወጣም ነበር» አለችኝ። «ልጇን በሸክላ ለወጠችው።» ይህን ካለች በኋላ ተጸጽታ «አስተግፊሩላህ» ብላለች። ነገሩ ግን ከአፏ ወጥቶ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም እማማን ሳያት ያች ቃል ትመጣብኛለች።

ከኮረም ተመልሰው ገንቦውን ከጉድጓዱ ሲያወጡት አንዳች አልሆነም ነበር። ከዚያም የእማማ ወንድም ወደሚኖርበት ወደ ኒሯቅ ወርደው ተቀመጡ። እኔ የተወለድሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዘመን ዘመንን ተካና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ጦርነቱ እየሰፋ ሲመጣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ቤቱን እየጣለ ወደ ሰቆጣ ተሰደደ። የእኛም ቤት ሰዎች ከነዚያ መካከል ነበሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ደሴ በመምህርነት እሠራ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መንገድ ሲገኝ ልጠይቃቸው ወደ ሰቆጣ ሄድሁ። እማማና እናቴ ከሌሎች ሁለት ቤተ ሰቦች ጋር በአንዲት ክፍል ተጠልለዋል። ይዘው የወጡት አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ብረት ድስት፣ የመስገጃ ምንጣፍና... ገንቦውን ነው።

ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሆናት አሮጊት ከኒሯቅ እስከ ሰቆጣ፣ ግማሹን በአህያ ግማሹን በእግር፣ ገንቦውን በነጠላ ጠቅልላ በአንቀልባ አዝላው መጥታለች። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ያን ጊዜ ወንድሜን ያዘለችበት ጀርባ ነው» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እኔም በዚያች ክፍል ውስጥ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ገንቦውን ገልብጬ ሥሩን አየሁት። በአረንጓዴ ቀለም የተመታ ማኅተም አለበት። ክብ ነው፤ በውስጡ አራት የተጠላለፉ የእንግሊዝኛ «ደብልዩ» ፊደሎች፣ በመካከላቸው 51 የሚል ቁጥር፣ ከላይ ዘውድ፣ በዙሪያው «ሮያል ዉስተር ኢንግላንድ» የሚል ጽሑፍ አለው። በዘውዱ ግራና ቀኝና ከሥሩ ደግሞ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። ቆጠርኋቸው። አሥራ ሰባት ናቸው። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ እንግሊዝ አገር ለምትኖር አብሮ አደጌ ላክሁላት።

መልሷ የመጣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ዉስተር በምትባለው ከተማ የፋብሪካው ሙዚየም ስላለ ድረስ ሄዳ ጠይቃለች። የሸክላ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1751 እ.ኤ.አ. ነው፤ 51 የተባለውም እሱ ነው። «ኢንግላንድ» የሚለው ቃል በማኅተሙ ላይ የተጨመረው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት በሕግ ስላስገደደች የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የአገራቸውን ስም ማተም ጀመሩ። ከ1892 ጀምሮ ደግሞ ዉስተር በየዓመቱ አንዳንድ ነጠብጣብ በማኅተሙ ላይ ይጨምር ነበር። አንድ ነጠብጣብ 1892 ነው፤ ሁለት 1893 ነው። አሥራ ሰባት ሲሆን 1908 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ወደ 1900 ዓ.ም. ማለት ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው። ናፒየር ከመቅደላ ከተመለሰ ከአርባ ዓመት በኋላ የተሠራ ዕቃ ናፒየር ሊሰጠን አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ዕቃው ዓይነት ትንሽ ብናገር አንባቢ የሚሰለች አይመስለኝም፤ ነገሩ ከየቤታችን የራቀ አይደለምና። ቡና የምንጠጣበትን «ስኒ» ብለን ስንጠራ የአንድ አገር ስም እየጠራን መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዐረብኛ ቻይና «ሲን» ትባላለች፤ ከቻይና የመጣ ሸክላ ደግሞ «ሲኒ» ነው። ብርሃን የሚያሳልፈውን ስስ ነጭ ሸክላ መሥራት በመጀመሪያ የቻሉት ቻይናዎች ናቸው። የሙስሊም ነጋዴዎች ይህን ሸክላ በባሕርም በየብስም ሲያመላልሱ ኖረዋል። ዝነኛው ሰማያዊና ነጭ የቻይና ሸክላ የተዋበበት ኮባልት የተባለው ቀለምም በመጀመሪያ ጊዜ ከፋርስ አገር ይሄድ ነበር። ዛሬም ኢስታንቡል በሚገኘው በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ከ10,000 የሚበልጥ የቻይና ሸክላ አለ። አውሮፓውያን ምስጢሩን ለማግኘት ዘመናት ደክመው፣ በጀርመን አገር ማይሰን በ1710 እ.ኤ.አ. ፋብሪካ ቆመ። እንግሊዞች ደግሞ በኋላ የራሳቸውን ዘዴ አገኙ። ነጩን አፈር ከተቃጠለ የከብት አጥንት አመድ ጋር ይለውሱታል። በአንዳንዱ ሸክላ ውስጥ አመዱ ከግማሽ አያንስም። ጥንካሬውም ንጣቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

አበቦቹን በተመለከተ አብሮ አደጌ የጻፈችልኝ ነገር እጅግ ደነቀኝ። ዉስተር በዚያ ዘመን በብዙ ዕቃዎቹ ላይ የአበባውን ረቂቅ መስመር ብቻ በማተሚያ ያትምና ቀለሙን ሠራተኞች በእጃቸው ይሞሉት ነበር። «በማጉያ መነጽር እየው፤ የታተመ ከሆነ መስመሩ ሁሉ እኩል ነው፤ በእጅ የተቀባ ከሆነ የብሩሹ ጭረት ይታያል» አለችኝ። አየሁት። በአንዱ ጽጌረዳ ላይ ሮዙ ቀለም ከመስመሩ ትንሽ አልፎ ፈስሷል። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ አንድ ስሙ ያልተጻፈ ሰው እጁ ትንሽ ስታ ኖሯል። ያች ስሕተት ገንቦውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስወደደችኝ።

ለማንኛውም፣ ይህን ሁሉ ይዤ እማማ ዘንድ ቀረብሁ። ማታ ነበር፤ ሶላተል ዒሻን ሰግዳ ተቀምጣለች። እናቴ ጥግ ላይ ተኝታለች ብዬ ነበር።

«እማማ፣ ይህ ዕቃ ከናፒየር የመጣ አይደለም» አልኋት። ነጠብጣቦቹን አሳየኋት፤ ዓመቶቹን ቆጠርሁላት። በዝምታ አዳመጠችኝ። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ፈገግ አለች።

«ነጠብጣብ ነው ያጋለጠኝ?» አለች። «ወንድ አያትህ ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር። እሱ ነው ያን ታሪክ የፈጠረው።»

ከዚያም ነገረችኝ። በሰቆጣ አንድ የየመን ዐረብ ነጋዴ ነበር። ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የአሞሌ ጨው መናኸሪያ፣ የነጋዴ ማረፊያ የነበረች ከተማ ናት። ወንድ አያቴ ከዚህ ነጋዴ በዱቤ እየወሰደ ወደ ቆላ ወርዶ ይሸጥ፣ ማርና ቆዳ ያመጣለት ነበር። አንድም ቀን ተካስሰው አያውቁም። ገንቦው የነጋዴው እናት ነው። ዐደን ከ1839 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች እጅ ስለነበረች የእንግሊዝ ዕቃ እንደ ልብ ይገኝባት ነበር፤ አባቱ ከዚያ ገዝቶ ለሠርጋቸው የሰጣቸው ነው። አብዮቱ መጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። እዚህም እዚያም ሱቅ ይታሸግ፣ ሰው ይታሰር ጀመር። ነጋዴው በ1968 ዓ.ም. አንድ ሌሊት መጥቶ በሩን አንኳኳ። ከለበሰው ልብስ በቀር ምንም አልያዘም፤ በእጁ ግን ይህን ዕቃ ታቅፏል። «መንገዱ ይሰብርብኛል፤ የእናቴ ነው፤ አላህ ሲያገናኘን ትመልሱልኛላችሁ» ብሎ ለሁለቱም ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ አላዩትም።

«የሸሸ ሰው ንብረት መያዝ በዚያን ጊዜ ያስገድል ነበር» አለች እማማ። «ስለዚህ ወንድ አያትህ የእንግሊዙን ተረት ፈጠረ። ለማንም ላልናገር በአላህ ስም አስማለኝ። ሲሞትም ‹አማናው› ብሎኝ ነው የሞተው።»

«ታዲያ በሰባ ሰባቱ...» ብዬ ጀመርሁ፤ መጨረስ አልቻልሁም።

«የኔ ቢሆን ኖሮ በሩ ከመነቀሉ በፊት ነበር የምሸጠው» አለችኝ። «የሰው ነው። የሰው እናት ዕቃ ነው። ልጄን በሌላ ሰው ገንዘብ ላበላው እንዴት ብዬ? ነገ ሰውየው በር ላይ ቢቆም ምን እለዋለሁ?»

«ደርግ ከወደቀ በኋላስ ለምን ለእናቴ አልነገርሻትም?»

እማማ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ፈራኋታ» አለች በመጨረሻ። «ወንድሟ የሞተው በገዛ ዕቃችን ምክንያት ነው ብላ አዝናብኛለች። የኛ እንኳ አልነበረም ብላት ደግሞ ምን ልትሆን ነው? ትጥላኝ ብዬ ተውሁት። የጠላ ሰው ቢያንስ ያፈላልኝ ነበር ቡናውን።»

በዚያን ጊዜ ከጥግ በኩል ድምፅ ሰማን። እናቴ አልተኛችም ነበር። ተነሥታ ተቀመጠች። «የኛ አልነበረም?» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀችው። እማማ ራሷን ነቀነቀች። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ እናትና ልጅ በሚላቀሱበት ቦታ ሦስተኛ ሰው አያስፈልግምና።

ደሴ ስመለስ ነገሩን ኪታብ ላስቀሩኝ ሸኽ ነገርኋቸው። እውነቱን ለመናገር የልቤን የሚያሞቅ መልስ ነበር የፈለግሁት፤ «አያትህ ትክክል ናት፣ እናትህ ተሳስታለች» እንዲሉኝ። እሳቸው ግን እንዲህ ቀላል አላደረጉልኝም። መጀመሪያ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ፣ ሊገድሏቸው የዶለቱት ሰዎች ሳይቀሩ በእሳቸው ዘንድ ያስቀመጡትን አማና እንዲመልስ ዐልይን (ረ.ዐ.) ወደ ኋላ እንዳስቀሩት አስታወሱኝ። ከዚያ ግን ቀጠሉ። «ነፍስ ልትጠፋ ስትደርስ በሌላ ሰው ገንዘብ ነፍስን ማትረፍ ሊቃውንቱ የፈቀዱት ነገር ነው። ዕዳው አንገት ላይ ይሆናል እንጂ ወንጀል አይሆንም። አያትህ ሸጣ ልጇን አብልታበት ኋላ ብትከፍል ኖሮ ማንም አይወቅሳትም ነበር» አሉኝ።

«እንግዲያው ተሳስታለች ማለት ነው?» አልኋቸው።

«እኔ እንደዚያ አላልኩም» አሉ። «ያን ጊዜ ይህን የሚነግራት ሰው አጠገቧ አልነበረም። የምታውቀውን ያህል ፈራች፤ የፈራችውን ያህል ጠበቀች። ምንዳዋ አላህ ዘንድ ነው። የእናትህም ሐዘን እውነት ነው፤ አትንካው። የእናንተ ሥራ ሁለቱን ማመዛዘን አይደለም። የእናንተ ሥራ የሰውየውን ወራሾች መፈለግ ነው።» አጥንት የተቃጠለበት ሸክላ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ ሳቁና «ሳንበላበት ሳንጠጣበት ለኖረ ዕቃ ይህን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው» አሉ።

ውድ አንባብያን፣ ይህን መልስ ለመዋጥ ጊዜ ወስዶብኛል። ጥሩ ታሪክ ስንሰማ አንድ ሰው ጻድቅ፣ ሌላው ጥፋተኛ እንዲሆን እንፈልጋለን። እኔ ቤት ግን ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ያንኑ ሕፃን ቀብረዋል። አንዷ ዕውቀት ቢኖራት ኖሮ ሊቀልላት የሚችል ሸክም ብቻዋን ተሸከመች። ሌላዋ እውነቱ ተነግሯት ቢሆን ኖሮ ሊቀልላት የሚችል ቂም ብቻዋን ተሸከመች። ሁለቱንም ያደከማቸው ዝምታው ይመስለኛል። በየቤታችን «ልጆቹ አይስሙ» ተብሎ የተቀበረ ነገር ካለ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ ቆፍረን እናውጣው። በጭድ የተጠቀለለ ሸክላ ከመሬት ውስጥ ደኅና ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ የሰው ልብ ግን እንደዚያ አይበረክትም።

የእኛ ቤት ሰዎች በ2015 ዓ.ም. ወደ ኒሯቅ ተመለሱ። ሱቁ ተዘርፎ ቆይቷቸው ነበር፤ መደርደሪያዋ ግን በግድግዳው ውስጥ ናትና ማንም አልወሰዳትም። እማማ በ2016 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄደች። አላህ ይዘንላት። ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር በቀን ውስጥ ከሚያወሩት ወሬ ብዛት የተነሣ ጎረቤት «እነዚህ ሰዎች አሁን ነው የተዋወቁት?» ይል ነበር። በመጨረሻው ዒድ ዋዜማ እማማ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ገንቦውን ያወረደችውና የጠረገችው እናቴ ናት።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ ዋጋ ነገረኝ። ለኒሯቅ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጣሪያውን ያሳድሳል፤ ሱቁንም ዳግም ይሞላል። እኔ አማናውን ረስቼ አይደለም፤ ሸኹ ተስፋ ከተቆረጠ በባለቤቱ ስም ሰደቃ እንደሚደረግ ነግረውኝ ስለነበረ፣ «ከፊሉን ለኛ እናበድርና...» እያልሁ በልቤ አሰላስል ነበር። ሸይጧን ሒሳብ ያውቃል። ለእናቴ ነገርኋት። ለዚያ ዕቃ ሠላሳ ሰባት ዓመት ጀርባዋን የሰጠች ሴት ናትና «ሽጠውና እንገላገል» ትለኛለች ብዬ ነበር።

እናቴ ቡናውን እየቀዳች ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ለጣሪያ ከተሸጠ፣ ያን ጊዜ ለወንድሜ ለምን አልተሸጠም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ገንቦው አልተሸጠም።

የነጋዴውን ወራሾች ፍለጋ ደሴ ውስጥ ሽማግሌዎችን ጠይቄያለሁ። አዲስ አበባ መርካቶም የየመን ዝርያ ያላቸውን ወገኖች አነጋግሬያለሁ። የመንም ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በራሷ ጦርነት ስለተጎዳች ወደዚያ መልእክት ልኮ መልስ ማግኘት አልሆነልኝም። ተስፋ ግን አልቆረጥሁም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በመግቢያዬ የጠቀስሁት ልመና ይህ ነው። ከአንባብያን መካከል አባቱ ወይም አያቱ በ1968 ዓ.ም. ከሰቆጣ የወጣ የየመን ነጋዴ የሆነ፣ ወይም እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ የሚያውቅ ካለ፣ በመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል በኩል ይፈልገኝ። የጠፋ ዕቃ የሚመለሰው ምልክቱን ለሚያውቅ ነውና ሦስት ነገሮችን ሆን ብዬ አልጻፍሁም፤ የነጋዴውን ስም፣ ሱቁ የነበረበትን ቦታ፣ ዕቃውን ለአያቶቼ ሲሰጥ በውስጡ የነበረውን ነገር። እነዚህን የሚነግረን ሰው ኒሯቅ ድረስ ቢመጣ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አድርጋ ትጠብቀዋለች።

አላህ አማናችንን ከነሙሉነቱ የምንመልስ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።